መድኃኒት የተላመደ ቲቢ፦ በባክቴሪያው ዘረመል ላይ የሚፈጠረው ለውጥና ሕክምናን የማጠናቀቅ ትርጉሙ

የቲቢ ሕክምና የጀመሩ ብዙ ታካሚዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ የጤና መሻሻል ያያሉ። ሳሉ ይቀንሳል፣ ትኩሳቱና የሌሊት ላቡ ይጠፋል፣ የምግብ ፍላጎት ይመለሳል። በዚህ ጊዜ «ድኛለሁ፤ ቀሪውን መድኃኒት ለምን እወስዳለሁ?» የሚል ጥያቄ ቢነሳ አያስገርምም። ለዚህ ጥያቄ በየጤና ተቋሙ የሚሰጠው መልስ «ካቋረጡ በሽታው መድኃኒቱን ይላመዳል» የሚል ነው። መልሱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን አጭር በመሆኑ ምክንያቱን አያሳይም።

«መላመድ» የሚለው ቃል ራሱ ሁለት የተሳሳቱ ግንዛቤዎችን ሊፈጥር ይችላል። የመጀመሪያው መድኃኒቱን የሚላመደው የታካሚው ሰውነት ነው የሚለው ነው። ይህን ያመነ ሰው ሰውነቱ እንዳይለምደው በማሰብ መጠኑን መቀነስ ወይም አንዳንድ ቀናትን መዝለል የሚጠቅም ሊመስለው ይችላል። ሁለተኛው ደግሞ ሰው አዲስ አገርን በጊዜ ብዛት እንደሚለምድ ሁሉ እያንዳንዱ ባክቴሪያም መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ይለምደዋል የሚለው ነው።

ሁለቱም ግንዛቤዎች ከእውነታው ይርቃሉ። በታካሚው አካል ውስጥ ካሉት እጅግ ብዙ የቲቢ ባክቴሪያዎች መካከል ጥቂቶቹ በዘረመላቸው ላይ በአጋጣሚ በተፈጠረ ስሕተት ምክንያት አንዱ መድኃኒት የማይገድላቸው ሆነው ይገኛሉ። ሕክምናው በአግባቡ ካልተካሄደ ሌሎቹ ሲሞቱ እነዚህ ይተርፋሉ፤ ተባዝተውም ቦታውን ይይዛሉ። ይህ ጽሑፍ ስሕተቱ ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚበዛ፣ በምርመራ እንዴት እንደሚታወቅና ታካሚዎችና ቤተሰቦቻቸው ምን ማድረግ እንዳለባቸው ያብራራል።

የባክቴሪያው ዘረመልና የመገልበጥ ስሕተት

የቲቢ በሽታን የሚያመጣው ባክቴሪያ ማይኮባክቴሪየም ቲዩበርክሎሲስ ይባላል። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ ይህን ባክቴሪያ ማግኘቱን በበርሊን ከተማ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1882 ነበር። ዕለቱ ዛሬ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጋቢት 15 ቀን የዓለም የቲቢ ቀን ሆኖ በየዓመቱ ይታሰባል። ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1998፣ ተመራማሪዎች የባክቴሪያውን ሙሉ የዘረመል ጽሑፍ አንብበው ይፋ አደረጉ። ጽሑፉ 4.4 ሚሊዮን ያህል ኬሚካላዊ ፊደላት ያሉት ሲሆን ወደ 4 ሺህ የሚጠጉ ዘረመሎችን ይዟል። እያንዳንዱ ዘረመል ባክቴሪያው ለመኖር የሚያስፈልገውን አንድ ነገር፣ በአብዛኛው አንድ ፕሮቲን፣ እንዴት እንደሚሠራ የሚያዝዝ ክፍል ነው።

ባክቴሪያው የሚራባው ለሁለት በመከፈል ነው። ከመከፈሉ በፊት ይህን ረጅም ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መገልበጥ ይኖርበታል። ሥራው ብራና ላይ መጽሐፍ የሚገለብጥ ቁም ጸሐፊ ከሚሠራው ጋር ይመሳሰላል። ጸሐፊው የቱንም ያህል ጠንቃቃ ቢሆን ብዙ ሺህ ገጽ ሲገለብጥ አልፎ አልፎ አንዲት ፊደል ይስታል። አብዛኛው ግድፈት ትርጉም አያዛባም። አንዳንዱ ግን ቃሉን ሌላ ያደርገዋል፤ «አዳነ» የሚለው ቃል ከመካከሉ አንዲት ፊደል ብቻ ብትለወጥ «አደነ» ይሆናል። በባክቴሪያው ላይ የሚደርሰውም ይኸው ነው። ከ4.4 ሚሊዮን ፊደላት መካከል የአንዲቱ መለወጥ አንድ መድኃኒት ከጥቅም ውጭ እንዲሆን ሊያደርግ ይችላል። የዘረመል ለውጥ የሚባለው ይህ ነው።

ሌሎች በርካታ የባክቴሪያ ዓይነቶች መድኃኒትን የመቋቋም ችሎታ ያላቸውን ዘረመሎች አንዱ ከሌላው ይቀበላሉ። የቲቢ ባክቴሪያ ግን ይህን ሲያደርግ አይታይም። መድኃኒትን የመቋቋም አቅሙ የሚመነጨው በራሱ ዘረመል ላይ ከሚፈጠር ለውጥ ነው። ስለሆነም መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሁሉ፣ ወደ ኋላ ቢፈለግ፣ መነሻው በአንድ ባክቴሪያ ውስጥ የተፈጠረ የመገልበጥ ስሕተትና ያ ስሕተት እንዲበዛ የፈቀደ የሕክምና ክፍተት ነው።

ለውጡ መድኃኒቱን ከሥራ ውጭ የሚያደርገው እንዴት ነው?

መደበኛው የቲቢ ሕክምና አራት መድኃኒቶችን ይጠቀማል፤ እነርሱም ሪፋምፒሲን፣ አይሶናያዚድ፣ ፓይራዚናማይድና ኢታምቡቶል ናቸው። አራቱም ባክቴሪያውን የሚያጠቁት በተለያየ አቅጣጫ ስለሆነ ባክቴሪያው እያንዳንዳቸውን የሚቋቋመው በተለያየ ዘረመል ላይ በሚፈጠር ለውጥ ነው።

ሪፋምፒሲን የሕክምናው ዋና ምሰሶ ነው። መድኃኒቱ ከዘረመሉ ትእዛዝን እየቀዳ ለፕሮቲን ማምረቻው የሚያቀርበውን ኢንዛይም ይይዛል፤ ትእዛዝ መቀዳቱ ሲቆም ባክቴሪያው ይሞታል። የዚህን ኢንዛይም አንድ ክፍል የሚያሠራው ዘረመል አር.ፒ.ኦ.ቢ ይባላል። ሪፋምፒሲንን ከተላመዱ ባክቴሪያዎች 95 በመቶ በሚሆኑት ለውጡ የሚገኘው በዚህ ዘረመል ውስጥ ባለች 81 ፊደላት ብቻ በያዘች አጭር ክፍል ላይ ነው። በተደጋጋሚ በሚታየው ለውጥ ሴሪን የተባለው የፕሮቲኑ ቅንጣት በሉሲን ይተካል። በዚህ ጊዜ መድኃኒቱ የሚያርፍበት ቦታ ቅርጹን ይለውጣል። ቁልፉ ያው ነው፤ የቁልፉ ቀዳዳ ግን ተቀይሯል። ኢንዛይሙ ሥራውን ይቀጥላል፣ ባክቴሪያውም ይኖራል።

የአይሶናያዚድ አሠራር ከዚህ ይለያል። መድኃኒቱ ወደ ባክቴሪያው ሲገባ ገና ኃይል የለውም። ኃይል የሚሰጠው ካት-ጂ የተባለው የባክቴሪያው የራሱ ኢንዛይም ነው። ባክቴሪያው ሳያውቅ የሚገድለውን መድኃኒት ራሱ ያነቃዋል ማለት ነው። የነቃው መድኃኒት የባክቴሪያውን ቅባታማ ግድግዳ የሚሠራውን ሂደት ያቆማል። በካት-ጂ 315ኛ ቦታ ላይ አንድ የፕሮቲን ቅንጣት ሲቀየር ኢንዛይሙ ሌላ ሥራውን በአብዛኛው እየሠራ መድኃኒቱን ማንቃት ግን ይሳነዋል። ሁለተኛው መንገድ ኢን-ሃ በተባለው ዘረመል መነሻ ላይ የሚፈጠር ለውጥ ነው። በዚህኛው ባክቴሪያው መድኃኒቱ የሚያጠቃውን ፕሮቲን ከወትሮው አብዝቶ ያመርታል። ሁለቱ ለውጦች የሚያስከትሉት ውጤት እኩል አይደለም። የካት-ጂው ለውጥ በአብዛኛው ከፍ ያለ የመቋቋም አቅም ሲሰጥ የኢን-ሃው ግን ዝቅተኛ ስለሆነ ሐኪሞች አንዳንድ ጊዜ የመድኃኒቱን መጠን ከፍ አድርገው ሊጠቀሙበት ይችላሉ። የትኛው ፊደል እንደተለወጠ ማወቅ ሕክምናን ለመምረጥ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

የፓይራዚናማይድ ነገር ከአይሶናያዚድ ጋር ይመሳሰላል፤ እርሱንም የሚያነቃው የባክቴሪያው ኢንዛይም ሲሆን ፒ.ኤን.ሲ.ኤ በተባለው ዘረመል ላይ የሚደርስ ለውጥ ማንቃቱን ያስቀራል። ኢታምቡቶልን የሚመለከተው ዋነኛ ለውጥ የሚገኘው ኢ.ኤም.ቢ.ቢ በተባለ ዘረመል ላይ ነው።

አዳዲሶቹ መድኃኒቶችም ከዚህ አደጋ ነጻ አይደሉም። ቤዳኩሊን እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ በአሜሪካ ሲፈቀድ በአሥርተ ዓመታት ውስጥ የተገኘ አዲስ አሠራር ያለው የቲቢ መድኃኒት ነበር፤ የሚያጠቃውም የባክቴሪያውን የኃይል ማመንጫ ነው። ሆኖም በባክቴሪያው ውስጥ አላስፈላጊ ነገሮችን ወደ ውጭ የሚተፋ ፓምፕ አለ። ይህን ፓምፕ የሚቆጣጠረው ዘረመል ሲበላሽ ፓምፑ ያለ ልክ ይሠራል፤ መድኃኒቱንም ሥራውን ሳይጨርስ ያስወጣዋል። አዲስ መድኃኒት በተገኘ ቁጥር ሥጋቱ ያበቃል ብሎ ማሰብ የማይገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ለምን አራት መድኃኒት በአንድ ጊዜ?

የዚህ ጥያቄ መልስ በሕክምና ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ስትሬፕቶማይሲን እ.ኤ.አ. በ1943 የተገኘ የመጀመሪያው ውጤታማ የቲቢ መድኃኒት ነበር። በእንግሊዝ አገር ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1948 ይፋ በሆነ ጥናት 55 ታካሚዎች ይህን መድኃኒት ሲያገኙ 52ቱ በጊዜው በተለመደው የአልጋ እረፍት ብቻ ታከሙ። በስድስት ወር ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ 4፣ ከሁለተኛዎቹ ደግሞ 14 ሰዎች ሞቱ። ውጤቱ ታላቅ ተስፋ ሰጠ። ነገር ግን መድኃኒቱን ካገኙት መካከል ብዙዎቹ መሻሻል ካሳዩ በኋላ እንደገና ታመሙ። አክታቸው ሲመረመር ባክቴሪያው ስትሬፕቶማይሲንን የሚቋቋም ሆኖ ተገኘ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመራማሪዎች ሌላ መድኃኒት ጨምረው ሁለቱን በአንድነት ሲሰጡ መላመዱ በእጅጉ ቀነሰ። የቲቢ ሕክምና በአንድ መድኃኒት ብቻ እንደማይካሄድ የታወቀው በዚህ ዓይነት ተሞክሮ ነው።

ምክንያቱን ቁጥሮች ያሳያሉ። በሳንባ ውስጥ በበሽታው በተቦረቦረ አንድ ክፍተት ውስጥ እስከ አንድ ቢሊዮን የሚደርሱ ባክቴሪያዎች ሊኖሩ ይችላሉ። በተለምዶ በሚሰጠው ግምት፣ በተፈጥሮ ከአንድ ሚሊዮን ባክቴሪያዎች አንዱ አይሶናያዚድን፣ ከመቶ ሚሊዮን አንዱ ደግሞ ሪፋምፒሲንን የሚቋቋም ለውጥ ይይዛል። በአንድ ቢሊዮን መካከል አይሶናያዚድን የሚቋቋሙ አንድ ሺህ ያህል፣ ሪፋምፒሲንን የሚቋቋሙ አሥር ያህል አሉ ማለት ነው። እነዚህ ባክቴሪያዎች ታካሚው የመጀመሪያዋን ፍሬ መድኃኒት ከመዋጡ በፊት ጀምሮ አሉ። መድኃኒቱ አይፈጥራቸውም፤ ብቻውን ከተሰጠ ግን ሌሎቹን አጥፍቶ ሜዳውን ይለቅላቸዋል።

ሁለቱን መድኃኒቶች በአንድ ጊዜ ሊቋቋም የሚችል ባክቴሪያ የመገኘት ዕድል የሚሰላው ሁለቱን ቁጥሮች በማባዛት ነው፤ ይህም ከመቶ ትሪሊዮን አንድ ይሆናል። በአንድ ሰው አካል ውስጥ ይህን ያህል ባክቴሪያ ስለማይኖር፣ ሁለቱ መድኃኒቶች በአንድነት እስከተወሰዱ ድረስ አንዱን የሚቋቋመው ባክቴሪያ በሌላው ይሞታል። አራቱ መድኃኒቶች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት፣ ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ ደግሞ በቀጣዮቹ አራት ወራት በየዕለቱ የሚሰጡበት መሠረታዊ ምክንያት ይህ ነው። መድኃኒቶቹ በአንድ ፍሬ ውስጥ ተዋሕደው የሚዘጋጁትም ታካሚው አንዱን ወስዶ ሌላውን እንዳይተው ነው።

ሕክምናው ሲቋረጥ ወይም ሲዛባ ምን ይሆናል?

የቲቢ ባክቴሪያ አዝጋሚ ነው። ሌሎች ባክቴሪያዎች በ20 ደቂቃ ሲከፈሉ እርሱ ለአንድ ጊዜ መከፈል ከ15 እስከ 20 ሰዓት ይፈጅበታል። ከፊሉም ጭራሽ ሳይከፈል አድፍጦ ይቆያል። መድኃኒቶቹ በይበልጥ የሚገድሉት በመከፈል ላይ ያለውን ስለሆነ ሳሉ ከጠፋ በኋላም ያደፈጡት ባክቴሪያዎች በሕይወት አሉ። ሕክምናው ስድስት ወር የሚወስደው እነዚህን ለማጥፋት ነው።

ታካሚው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ወር ሲያቋርጥ የተረፉት ባክቴሪያዎች መባዛት ይጀምራሉ። በእያንዳንዱ መባዛት የዘረመሉ ጽሑፍ እንደገና ስለሚገለበጥ አዲስ ስሕተት የመፈጠሩ ዕድል አብሮ ይጨምራል። ታካሚው ሲታመም ይጀምራል፣ ሲሻለው ይተዋል፤ እንዲህ ያለው መመላለስ በተደጋገመ ቁጥር መድኃኒቱን የሚቋቋሙት ከሌሎቹ እየበለጡ ይሄዳሉ። መድኃኒቶቹ ከደም ውስጥ የሚወጡበት ፍጥነትም አንድ ዓይነት አይደለም። ቀናት ሲዘለሉ አንዱ መድኃኒት ከሌሎቹ በኋላ ብቻውን የሚቆይበት ጊዜ ይፈጠራል፤ ይህም በአንድ መድኃኒት ብቻ እንደመታከም ይቆጠራል።

መላመድ ደረጃ በደረጃ የሚከማችም ነው። ባክቴሪያው አስቀድሞ አይሶናያዚድን የተላመደ ከሆነ በቀጣዮቹ አራት ወራት ውጊያው በሪፋምፒሲን ላይ ብቻ ይወድቃል። ሪፋምፒሲንን የሚቋቋም ባክቴሪያ ካለም የሚያግደው አይኖርም። ውጤት ባላሳየ ሕክምና ላይ አንድ አዲስ መድኃኒት ብቻ መጨመር የተከለከለው ይህንኑ መሰላል ላለማራዘም ነው። ቢያንስ ሪፋምፒሲንንና አይሶናያዚድን በአንድነት የተላመደ ቲቢ «ብዙ መድኃኒቶችን የተላመደ ቲቢ» ተብሎ ይጠራል።

ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰዱ ሌሎች ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶችም ለችግሩ አስተዋጽኦ ያደርጋሉ። ለምሳሌ ሲፕሮፍሎክሳሲን ከፋርማሲ በግል ተገዝቶ ለረጅም ሳል ቢወሰድ፣ ሳሉም የቲቢ ቢሆን፣ ምልክቱ ለጊዜው ሊቀንስና ምርመራው ሊዘገይ ይችላል። በተጨማሪም መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ ከሚያገለግሉት ዋና ዋና መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሞክሲፍሎክሳሲን የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። በአንዱ የተመረጠው የዘረመል ለውጥ ሌላውንም ሊያከሽፈው ይችላል።

መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የታመመ ሰው ሁሉ መድኃኒት ያቋረጠ አይደለም

በኅብረተሰቡ ዘንድ መታረም ያለበት ሌላም አስተሳሰብ አለ። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የተገኘበት ሰው መድኃኒቱን በአግባቡ ባለመውሰዱ በራሱ ላይ ያመጣው ነው የሚል ነቀፌታ ይሰማል። ይህ ብዙ ጊዜ ስሕተት ነው። የተለወጠው ዘረመል ከባክቴሪያው ጋር ይጓዛል። ታካሚው ሲያስል ወደ አየር የሚወጣው ባክቴሪያ ለውጡን እንደያዘ ወደ ሌላ ሰው ይተላለፋል፤ የተቀበለውም ሰው አንድም ቀን የቲቢ መድኃኒት ሳይወስድ መድኃኒት በተላመደ ቲቢ ሊታመም ይችላል።

ለዚህ የሚጠቀሰው አሳዛኝ ምሳሌ በደቡብ አፍሪካ ክዋዙሉ-ናታል ግዛት ቱጌላ ፌሪ በተባለች የገጠር ከተማ የተከሰተው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው የጥናት ሪፖርት በእጅጉ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከተገኘባቸው 53 ታካሚዎች 52ቱ ሞተዋል። የኤች.አይ.ቪ ምርመራ የተደረገላቸው ሁሉ ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ ነበር። ከታካሚዎቹ ከግማሽ የሚበልጡት ከዚያ በፊት የቲቢ ሕክምና ወስደው አያውቁም ነበር። ስለዚህ ታካሚን መንቀፍ በሽታውን እንዲደብቅ ከማድረግ በስተቀር ጥቅም የለውም። የሚያስፈልገው በፍጥነት መርምሮ ማከም፣ ቤተሰቡንም መመርመር ነው።

ምርመራው የተለወጠውን ፊደል የሚያገኘው እንዴት ነው?

ባክቴሪያው አዝጋሚ በመሆኑ ከአክታ ውስጥ አሳድጎ በየትኛው መድኃኒት እንደሚሞት መፈተን ሳምንታት ይፈጃል። ታካሚው በዚህ ሁሉ ጊዜ ተገቢውን ሕክምና ሳያገኝና በሽታውን ወደ ሌሎች እያስተላለፈ ሊቆይ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ጥቅም ላይ እንዲውል የመከረውና በሀገራችን የጤና ተቋማትም የሚሠራበት ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ ይህን ጊዜ አሳጥሮታል። መሣሪያው ባክቴሪያውን ማሳደግ ሳያስፈልገው ቀደም ሲል የተጠቀሰችውን የ81 ፊደላት ክፍል ከአክታው ውስጥ ፈልጎ ያበዛታል፤ ከዚያም ከትክክለኛው ጽሑፍ ጋር ያመሳክራታል። የተለወጠ ፊደል ካለ ባክቴሪያው ሪፋምፒሲንን እንደተላመደ ያመለክታል። ምርመራው ራሱ ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል። መሣሪያው በሌለበት የጤና ተቋም የተሰጠ አክታ ወደሚገኝበት ተቋም ተልኮ ይመረመራል።

ማናቸውም ምርመራ ግን ወሰን አለው። በኢስዋቲኒ እ.ኤ.አ. በ2009 የተሰበሰቡ ናሙናዎች በጥልቀት ሲመረመሩ ብዙ መድኃኒቶችን ከተላመዱት 30 በመቶ ያህሉ ሪፋምፒሲንን የሚቋቋም ለውጥ የያዙት በዚያው ዘረመል ላይ፣ ነገር ግን ከ81ዱ ፊደላት ውጭ ነበር። መሣሪያው የሚያነበው የተወሰነውን ክፍል ብቻ ስለሆነ እንዲህ ያለውን ለውጥ አያየውም። በሕክምና ወቅት የአክታ ምርመራ በሁለተኛው፣ በአምስተኛውና በስድስተኛው ወር መጨረሻ የሚደገመው ሕክምናው በእርግጥ እየሠራ መሆኑን ለማረጋገጥ ነው። «ተሽሎኛል» በሚል የክትትል ምርመራን መተው በመጀመሪያው ምርመራ ያልታየ ችግር ሳይታወቅ እንዲቆይ ያደርጋል።

በአሁኑ ጊዜ የባክቴሪያውን ሙሉ የዘረመል ጽሑፍ ማንበብም ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት የትኛው ለውጥ የትኛውን መድኃኒት እንደሚያከሽፍ የሚዘረዝር መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2021 አውጥቶ በ2023 አሻሽሎታል።

ሕክምና አለው

መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከባድ ቢሆንም የሚድን በሽታ ነው። በሀገራችን ሕክምናው እ.ኤ.አ. በ2009 በአዲስ አበባ በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ተጀምሮ ወደ ክልሎች ተስፋፍቷል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሕክምናው 20 ወራትና ከዚያ በላይ ይወስድ ነበር፤ ለወራት በየዕለቱ የሚሰጠው መርፌም በአንዳንድ ታካሚዎች ላይ የመስማት ችግር ያስከትል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 መመዘኛውን ለሚያሟሉ ታካሚዎች ቤዳኩሊን፣ ፕሪቶማኒድ፣ ሊኔዞሊድና ሞክሲፍሎክሳሲን በአንድነት ለስድስት ወራት በአፍ የሚወሰዱበትን ሕክምና መክሯል። ለእያንዳንዱ ታካሚ የሚስማማውን ሕክምና የሚወስነው የምርመራ ውጤቱን፣ ዕድሜውንና አጠቃላይ ጤንነቱን የሚያየው የሕክምና ቡድን ነው።

በተሠራው ሥራ ኢትዮጵያ ብዙ መድኃኒቶችን የተላመደ ቲቢ ከፍተኛ ጫና ካለባቸው 30 አገሮች ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ2021 ወጥታለች። ሆኖም በአጠቃላይ ቲቢ ከፍተኛ ጫና ያለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ አሁንም ትገኛለች። በዓለም አቀፍ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 400 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ሪፋምፒሲንን በተላመደ ቲቢ እንደታመሙ ተገምቷል። የተገኘው ውጤት ጸንቶ የሚቆየው እያንዳንዱ ታካሚ የጀመረውን ሕክምና ሲያጠናቅቅ ነው።

ተገልጋዮች ሊያውቋቸውና ሊያደርጓቸው የሚገቡ ጉዳዮች

1. ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ የክብደት መቀነስ ያለበት ሰው በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር። ኤች.አይ.ቪ በደሙ ውስጥ ያለ ሰው ሳሉ ሁለት ሳምንት እስኪሞላው መጠበቅ የለበትም።

2. የቲቢ ምርመራና መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ ይሰጣል።

3. ቀደም ሲል የቲቢ ሕክምና የወሰደ፣ ያቋረጠ ወይም መድኃኒት ከተላመደ ቲቢ ታካሚ ጋር የኖረ ሰው ይህንኑ ለባለሙያው ሳይደብቅ ይንገር። መረጃው ተገቢውን ምርመራ ለመምረጥ ይረዳል፤ ለወቀሳ አይውልም።

4. መድኃኒቱ በየዕለቱ፣ በታዘዘው መጠንና በባለሙያ ወይም በሕክምና ደጋፊ ክትትል ይወሰድ። ለሌላ ሰው ማካፈል፣ መጠኑን መቀነስ ወይም ከመካከላቸው አንዱን ብቻ መርጦ መውሰድ አይገባም።

5. ሪፋምፒሲን ሽንትን፣ ላብንና እንባን ወደ ብርቱካናማ ቀለም ይለውጣል፤ ይህ ጉዳት የለውም። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ማስታወክ ከበረታ፣ የማየት ወይም የመስማት ለውጥ ከተከሰተ ግን በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። መድኃኒቱን ለመለወጥ ወይም ለማቆም የሚወስነው ባለሙያው ነው።

6. ለሥራ፣ ለትምህርት ወይም ለቤተሰብ ጉዳይ ወደ ሌላ አካባቢ የሚሄድ ታካሚ ከመሄዱ በፊት የዝውውር ወረቀት ከጤና ተቋሙ ይውሰድ፤ በሚደርስበት ስፍራም ሕክምናውን ሳያቋርጥ ይቀጥል። ቀናት ካለፉትም አፍሮ ከመቅረት ይልቅ ፈጥኖ ይመለስ።

7. ከታካሚው ጋር በአንድ ቤት የሚኖሩ ሁሉ፣ በተለይም ሕፃናት፣ ይመርመሩ። የቤት መስኮቶችን ከፍቶ አየር እንዲዘዋወር ማድረግና ሲያስሉ አፍንና አፍንጫን መሸፈን መተላለፍን ይቀንሳል።

በባክቴሪያው ዘረመል ላይ የሚፈጠረውን የፊደል ስሕተት ማንም ሊከለክለው አይችልም። ያ ስሕተት በአንድ ሰው ሳንባ ውስጥ ከሚሞት አንድ ባክቴሪያ ጋር አብሮ መጥፋቱ ወይም በቤተሰብና በጎረቤት መዛመቱ ግን በሕክምናው አካሄድ ይወሰናል። ሳሉ ጠፍቶ ጉልበት ከተመለሰ በኋላ የሚወሰዱት የመጨረሻዎቹ ወራት መድኃኒቶች የሚያጠፉት ታካሚው የማያያቸውን፣ ምልክትም የማይሰጡትን ጥቂት ባክቴሪያዎች ነው። ስለ ሕክምናው ጥያቄ ወይም ችግር ያለበት ማንኛውም ታካሚ ከማቋረጡ በፊት የሚከታተለውን ባለሙያ ወይም የአካባቢውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ እንዲያማክር እንጠይቃለን።